የፊት ብርሃንና የነጠላ ብርሃን፦ በዲጂታል ፎቶግራፍ «ትክክለኛ ኤክስፖዠር» ስለምንለው ነገር



በንግግሬ ርእስ ውስጥ «ትክክለኛ» የሚለውን ቃል በትእምርተ ጥቅስ ያስቀመጥሁት ሆን ብዬ ነው። የማስተምረው ኦፕቲክስ ነው፤ ፎቶ አንሥቼ የምተዳደር ሰው አይደለሁም። ይሁን እንጂ ከጋዜጠኝነት፣ ከታሪክና ከአንትሮፖሎጂ የትምህርት ክፍሎች የሚመጡ ተማሪዎች ለጥናታቸው ያነሷቸውን ፎቶግራፎች ይዘው ቢሮዬን ማንኳኳት ከጀመሩ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ ጥያቄያቸውም ከሞላ ጎደል አንድ ነው፦ «ካሜራው ልክ ነው ይላል፤ ታዲያ የሰዎቹ ፊት ለምን አይታይም?» ይህ ጥያቄ የኦፕቲክስ ጥያቄ ይመስላል። ግማሹ በእርግጥ የኦፕቲክስ ነው። ግማሹ ግን የፍርድ ጥያቄ ነው፤ ዛሬ ማሳየት የምፈልገውም ሁለተኛው ግማሽ ያለ መጀመሪያው ሊመለስ እንደማይችል ነው።

ኤክስፖዠር ስል አንድ ፎቶግራፍ ሲነሣ ሴንሰሩ ላይ የሚያርፈውን የብርሃን መጠን ማለቴ ነው። በአማርኛ «የብርሃን ምጣኔ» ብንለው አይከፋም። መመጠን በወጥ ቤት እንደምንጠቀምበት ከሆነ ልኩን ብቻ ሳይሆን የመጣኟንም ዳኝነት ያካትታልና፤ ምጥን ሽሮ ከቤት ቤት የሚለየው በዚሁ ነው።

ከመለኪያው እንጀምር። በካሜራ ውስጥ ያለው የብርሃን መለኪያ የሚያውቀው ከትእይንቱ ተንጸባርቆ የሚደርስበትን ብርሃን ብቻ ነው። በጠራራ ፀሐይ የተቀመጠ ጥቁር ድንጋይና በጥላ ሥር ያለ ነጭ ግድግዳ እኩል ብርሃን ሊልኩለት ይችላሉ፤ የቱ የቱ እንደሆነ የሚለይበት መንገድ የለውም። ስለዚህ አምራቾቹ አንድ ግምት ሰጥተውታል፦ የሚያየው ነገር በአማካይ መካከለኛ ግራጫ ነው። ለዘመናት የፎቶግራፍ ማስተማሪያ ሆኖ የኖረው ግራጫ ካርድ ከሚያርፍበት ብርሃን 18 በመቶውን ያንጸባርቃል። የመለኪያ አምራቾች የሚሠሩበት ቁጥር ከዚህ ዝቅ የሚልበት ጊዜ አለ፤ ለዛሬው ስሌታችን 18ን እንያዝ። መለኪያው የሚሰጠው ምክር እንግዲህ «ይህን ሁሉ ወደ ግራጫ አምጣው» የሚል ነው። ከዚህ የበለጠ ነገር አያውቅም።

አሁን ይህን መለኪያ ወደ ጥምቀት በዓል ይዘነው እንሂድ። ንጹሕ ነጭ የጥጥ ልብስ ከሚያርፍበት ብርሃን 80 በመቶ ያህሉን ይመልሳል። ጠቆር ያለ የሰው ቆዳ ደግሞ 10 በመቶ ገደማ ይመልሳል እንበል። በነጠላና በአበሻ ቀሚስ የተሞላ ክፈፍ ሲቀርብለት መለኪያው 80ውን ወደ 18 ያወርደዋል፤ ማለትም ብርሃኑን ከአራት እጥፍ በላይ ይቀንሰዋል። ነጠላው ግራጫ ይሆናል። ፊቱስ? በዚያው መጠን ይቀነስና ከ10 በመቶ ወደ 2.3 በመቶ ይወርዳል። በኮምፒውተር ስክሪን ላይ ከ0 እስከ 255 በሚቆጠረው የኤስአርጂቢ ስሌት ብናስቀምጠው 89 ላይ መዋል የነበረበት ፊት 42 ላይ ይውላል። የአፍንጫው ቅርጽ፣ የዓይኑ ሽፋን፣ የከንፈሩ ጠርዝ ሁሉም በጥቂት የጨለማ ደረጃዎች ውስጥ ተጨናንቀው ይቀራሉ።

ተገላቢጦሹን ደግሞ በዚሁ ግቢ በየዓመቱ እናየዋለን። የምረቃ ካባ ጥቁር ነው፤ ከሚያርፍበት ብርሃን 4 ወይም 5 በመቶ ብቻ ይመልሳል። ካባ የሞላው ክፈፍ ሲቀርብለት መለኪያው ብርሃኑን በአራት እጥፍ ያበዛዋል። ካባው ግራጫ ይሆናል፤ ያ 10 በመቶ የነበረው ፊት 40 በመቶ ይሆንና በስክሪኑ ላይ ወደ 170 ይዘልቃል፤ የሸሚዙ ክሌታ ደግሞ ፈጽሞ ይነጣል። እንግዲህ አንዲት ልጅ ጥር ላይ በጥምቀት፣ ሐምሌ ላይ በምረቃዋ፣ በአንድ ካሜራ፣ ካሜራው «ልክ ነው» እያላት ሁለት ጊዜ ተነሥታ በአንደኛው ከሰል፣ በሌላኛው አመድ ልትመስል ትችላለች። በሁለቱም ፎቶዎች መለኪያው ሥራውን በትክክል ሠርቷል።

በእርግጥ የዛሬ ካሜራዎች እንዲህ የዋህ አይደሉም። ኒኮን በ1983 እ.ኤ.አ. ኤፍኤ በተባለው ካሜራው ትእይንቱን በአምስት ክፍል ከፍሎ እያነጻጸረ የሚለካ ሥርዓት አስተዋውቋል፤ ዛሬ ፊት ለይተው የሚለኩ ካሜራዎች በየእጃችን አሉ። ችግሩ ቀንሷል። አልጠፋም፤ ምክንያቱም ፊት ለይቶ የሚለካው ካሜራም ቢሆን ያ ፊት ምን ያህል ብሩህ መሆን እንዳለበት አስቀድሞ የተነገረው ግምት አለ። ወደዚህ ነገር እመለስበታለሁ።

ብርሃኑን የምንቆጣጠርባቸውን መንገዶች አብዛኞቻችሁ ስለምታውቋቸው ቶሎ ላልፍባቸው። ሌንሱ ውስጥ የሚከፈተውና የሚጠበው ቀዳዳ አፐርቸር አለ፤ ሴንሰሩ ለብርሃን ክፍት ሆኖ የሚቆይበትን ጊዜ የሚወስነው ሸተር አለ። ብርሃኑን በእጥፍ መጨመር ወይም በግማሽ መቀነስ አንድ ስቶፕ ይባላል። ከኤፍ 8 ወደ ኤፍ 5.6 መክፈት አንድ ስቶፕ ነው፤ ከሰከንድ 1/250ኛ ወደ 1/125ኛ ማዝገምም አንድ ስቶፕ ነው። አይኤስኦን ሦስተኛ አድርገን የመቁጠር ልማድ አለን፤ ጥንቃቄ የሚሻው እዚህ ላይ ነው። አይኤስኦ ሴንሰሩ ላይ የሚያርፈውን ብርሃን በቅንጣት አይጨምርም። የሚያደርገው የተሰበሰበውን ማጉላት ነው። ድምፁ ያልተሰማ ተናጋሪን በማጉያ ብናጎላው ከጉሮሮው ያልወጣ ቃል አይጨመርለትም፤ የአዳራሹ ጉርምርምታ ግን አብሮ ይጎላል።

ታዲያ ሴንሰሩ ብርሃንን እንዴት ይሰበስባል? የሴንሰር ታሪክ በ1969 እ.ኤ.አ. ዊላርድ ቦይልና ጆርጅ ስሚዝ በቤል ቤተ ሙከራ ሲሲዲ የተባለውን ሥርዓት ሲነድፉ ይጀምራል፤ በ2009 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተካፋይ የሆኑበት ሥራ ነው። በኮዳክ ኩባንያ የነበረው ስቲቨን ሳሰን በ1975 የመጀመሪያውን ዲጂታል ካሜራ ሲሠራ ምስሉ 100 በ100 ነጥብ ብቻ ነበር፤ አንዱን ምስል በካሴት ላይ ለመቅዳት 23 ሰከንድ ይፈጅበት ነበር። ቴክኖሎጂው ከዚያ ወዲህ ብዙ ቢራቀቅም መሠረቱ አልተለወጠም። እያንዳንዱ ፒክስል ፎቶን ሲያርፍበት ኤሌክትሮን ያጠራቅማል። በክረምት ዝናብ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የተደረደሩ ባልዲዎችን አስቡ፦ እያንዳንዱ ባልዲ በወረደበት ልክ ይሞላል፤ ከሞላ በኋላ የሚወርደው ውኃ ይፈሳል፤ ምን ያህል እንደፈሰሰም ባልዲው ሊነግረን አይችልም።

ባልዲው ሞልቶ የፈሰሰበት ቦታ በፎቶው ላይ ምንም ዝርዝር የሌለበት ነጭ ይሆናል። የነጠላው ክር፣ የደመናው ጠርዝ የለም። ይህን በሶፍትዌር ማጨለም ነጩን ግራጫ ያደርገዋል እንጂ ክሩን አይመልሰውም። በሌላው ጫፍ ግን ባዶ የሚባል ባልዲ የለም ማለት ይቻላል፤ ጥቂት ጠብታ የወደቀበት አለ። ጨለማው መረጃ ይዟል፤ የያዘው መረጃ ግን የተበጠበጠ ነው።

ለምን ተበጠበጠ? ፎቶኖች እንደ ዝናብ ጠብታ በዘፈቀደ ስለሚመጡ ነው። በአማካይ 5,000 ፎቶን የሚጠበቅበት ፒክስል ላይ አንዴ 4,930፣ አንዴ 5,070 ሊደርስ ይችላል። ልዩነቱ የብዛቱ ስኩዌር ሩት ያህል ነው፤ በዚህ ምሳሌ 71 ገደማ። ባልዲው 50,000 ኤሌክትሮን የሚይዝ ነው ብንል፣ በአግባቡ የተመጠነው ፊት 5,000 ይሰበስባል፤ ምስሉ ከብጥብጡ 71 ጊዜ ይበልጣል። በነጠላው ምክንያት ወደ 2.3 በመቶ የወረደው ፊት 1,150 ብቻ ይሰበስባል፤ ብልጫው ወደ 34 ይወርዳል። አሁንም ሊታይ የሚችል ነው። ነገር ግን ምሽት ላይ አይኤስኦ 1600 አድርገን ካነሣን በሁሉም ስፍራ የሚሰበሰበው ብርሃን በ16 ይካፈላል፤ ለዚያ ፊት የሚደርሰው 72 ያህል ኤሌክትሮን፣ ብልጫውም 8 ከምናምን ብቻ ነው። ይህን ፊት በኋላ በሶፍትዌር ማብራት ይቻላል፤ የሚበራው ግን ፊቱም ብጥብጡም እኩል ነው። ልብ በሉ፤ ነጭ ልብስና ብሩህ ፊት ባለበት ትእይንት ይኸው ስሕተት ቢፈጸም ፊቱ ብዙ ብርሃን ይዞ ስለሚነሣ ጉዳቱ አነስተኛ ነው። የመለኪያው ግምት በሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ነው፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን ከጥቁሩ ጫፍ ያለው ነው።

በፊልም ዘመን ሕጉ ሌላ ነበር። አንሰል አዳምስና ፍሬድ አርቸር በ1940 እ.ኤ.አ. ገደማ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ባስተማሩበት ጊዜ ዞን ሲስተም የተባለውን ዘዴ ቀመሩ፤ ከድፍን ጥቁር እስከ ድፍን ነጭ ያለውን በዞኖች ከፍለው 5ኛውን መካከለኛ ግራጫ አደረጉት። ኔጋቲቭ ፊልም ብርሃን ሲበዛበት ቀስ በቀስ እየደነዘዘ እንጂ በድንገት ስለማይዘጋ፣ ፎቶ አንሺው ለጥላው መጥኖ ነጩን በማጠቢያው ክፍል ይገራው ነበር። ዲጂታል ይህን ገለበጠው፦ አሁን ድንበሩ በነጩ በኩል ነው። ከዞን ሲስተም አንድ ትልቅ ነገር ግን እስከ ዛሬ ይጠቅመናል። አዳምስ ተማሪውን «ይህን ነገር የት ላስቀምጠው?» ብሎ እንዲጠይቅ አስተማረው። መለኪያው ግራጫ ያደርገዋል፤ ቦታውን የሚሰጠው ሰውየው ነው። በዚያው ማስተማሪያ በፀሐይ ያለ የነጭ ሰው ቆዳ 6ኛው ዞን ላይ ይቀመጣል። «ጥቁር ቆዳ» የሚባለው ደግሞ ከዚያ ዝቅ ብሎ በአንድ ቃል ተጠቅልሎ ይቀመጣል፤ እንደ አንድ ነገር።

እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ። የቀለም ፊልም በሰፊው ሲሸጥ ማተሚያ ቤቶች ማሽናቸውን የሚያስተካክሉበት የናሙና ካርድ ከኮዳክ ይላክላቸው ነበር። በካርዱ ላይ አንዲት ነጭ ሴት ነበረች፤ የመጀመሪያዋ የኮዳክ ሠራተኛ የነበረችው ሸርሊ ፔጅ ስለነበረች ካርዱ ለዘለቄታው «የሸርሊ ካርድ» ተባለ፤ ከእርሷ በኋላ ሌሎች ሴቶች ቢተኩም ስሙ አልተለወጠም። የሸርሊ ቆዳ ጥሩ ከታየ ኅትመቱ ጥሩ ነው ተባለ። ካናዳዊቷ ተመራማሪ ሎርና ሮት በ2009 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ይህን ታሪክ በዝርዝር ጽፈውታል። ፊልሙ ቡናማውን ቀለም በወጉ እንዲይዝ ግፊት ካደረጉት መካከል፣ እርሳቸው እንዳገኙት፣ የእንጨት ዕቃና የቸኮሌት አምራቾች ይገኙበታል፤ የእንጨቱ ዓይነትና የቸኮሌቱ ልዩነት በማስታወቂያ ፎቶ ላይ አልታይ ብሏቸው ነበርና። ይህን ስታነቡ ትስቁ ይሆናል። እኔ ሁለተኛ ጊዜ ሳነበው ሳቁ አልመጣልኝም። በትምህርት ቤት የቡድን ፎቶ ላይ ጥቁሩ ልጅ ጥርሱና ዓይኑ ብቻ ታይቶ ሲቀር ወላጆች አላጉረመረሙም ማለት አይደለም።

ዲጂታል ሴንሰር ከዚህ አድልዎ በተፈጥሮው ነጻ ነው። ፎቶን ከየትኛው ቆዳ እንደመጣ አይጠይቅም። አድልዎው የሚገባው ከሴንሰሩ በኋላ ባለው ሥራ ነው፤ የተሰበሰበውን ቁጥር ወደሚታይ ምስል በሚለውጠው ስሌት፣ «ፊት ይህን ያህል ብሩህ ይሁን» በሚለው ግምት። ጉግል በ2022 እ.ኤ.አ. የሶሲዮሎጂ ምሁሩ ኤሊስ መንክ ያዘጋጁትን ባለ 10 ደረጃ የቆዳ ቀለም መለኪያ ለሕዝብ ክፍት አድርጓል፤ ጥሩ ነው። እኛ ግን መለኪያ አጥተን አናውቅም። ጥቁር፣ ጠይም፣ የቀይ ዳማ፣ ብስል ቀይ፣ ቀይ የምንለው ሕዝብ ነን፤ ጠይምን ከየቀይ ዳማ የማይለይ አማርኛ ተናጋሪ እምብዛም አይገኝም። (እነዚህን ቃላት ለማበላለጥ የምንጠቀምባቸው ጊዜ እንዳለ አልክድም፤ ያ ሌላ ንግግር የሚጠይቅ ነው።) የእኔ ጥያቄ ቀላል ነው፦ ቋንቋችን የሚለየውን ፎቶግራፋችን ለምን አይለየውም? በአንድ የቤተሰብ ፎቶ ላይ ጠይሟና የቀይ ዳማው እኩል ከጨለሙ፣ ወይም እኩል ከነጡ፣ የቤቱ ሰው «ይህ እኛን አይመስልም» ይላል፤ ልክ ነው።

የነገሩን ክብደት የተረዳሁት በአንድ የምርምር ቡድን ሥራ ላይ ነው። ቡድኑ በአንድ የገጠር ቀበሌ የሽማግሌዎችን የቃል ታሪክ እየቀዳ፣ ጉባኤያቸውንም ፎቶ ያነሣ ነበር። ሽማግሌዎቹ ከዋርካ ሥር ተቀምጠዋል፤ ሁሉም ጋቢ ለብሰዋል፤ ሰዓቱ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ግድም ነው። ካሜራው ሁሉን ነገር በራሱ እንዲወስን ተትቷል፤ የሚያስቀምጠውም ጄፔግ ብቻ ነው። ከወራት በኋላ ዋናው ተራኪ የነበሩት አባት አረፉ። ልጆቻቸው ሌላ ፎቶ አልነበራቸውምና ከቡድኑ ለመኑ፤ ቡድኑም ወደ እኔ ላከው። እኚህ አባት የተቀመጡት ከጥላው ዳር ነው። ጋቢያቸውን ተከናንበዋል፤ ፀሐዩ ከአናታቸው በላይ ጋቢው ላይ ወድቋል፤ ፊታቸው ከጋቢው ጥላ ሥር ነው። ጢማቸው ይታያል። የጋቢው ጥለት ክሩ ሳይቀር ይቆጠራል። ዓይናቸው የለም። በዓይናቸው ዙሪያ ያለውን ቁጥር ሳየው ከ255 ውስጥ ከ15 በታች ነበር፤ ከፍ ሳደርገው ጄፔግ ምስሉን ቆራርጦ የሚያስቀምጥባቸው 8 በ8 የሆኑ ካሬዎች ብቅ አሉ። ያገኘሁትን አትሜ ላክሁላቸው። ቤተሰቡ ተቀበሉ፤ አመሰገኑም። ያ ፎቶ ግን የጋቢ ፎቶ ነው።

ስሌቱን ላሳያችሁ። በአንድ ዓይነት ብርሃን ሥር ባለ ነጭ ጋቢና በጥቁር ፊት መካከል ያለው ልዩነት ስምንት እጥፍ ነው፤ ሦስት ስቶፕ። ይህን ማንኛውም ካሜራ ይችለዋል። በቀጥተኛ ፀሐይና በክፍት ጥላ መካከል ደግሞ በተለምዶ ሌላ ሦስት ስቶፕ አለ። ጋቢው በፀሐይ፣ ፊቱ በጥላ ሲሆን ስድስት ስቶፕ፣ ማለትም 64 እጥፍ ይሆናል። አገራችን ለምድር ወገብ የቀረበች በመሆኗ የቀትር ፀሐይ ከአናት በላይ ነው፤ ዓይንን በቅንድብ ጥላ ሥር ይቀብረዋል። ደጋ ላይ ደግሞ አየሩ ስስና ጥርት ያለ በመሆኑ ከሰማዩ ተበትኖ ወደ ጥላው የሚገባው ብርሃን ያንሳል፤ ጥላው ይጠቁራል። የዛሬ ጥሩ ሴንሰር በዝቅተኛ አይኤስኦ ከ12 ስቶፕ በላይ ይይዛል፤ ስለዚህ ስድስቱን በሮው ፋይል ውስጥ ማስቀመጥ አይቸግረውም። ካሜራው ራሱ አብስሎ የሚሰጠው ጄፔግ ግን ጥላውን ጨፍልቆ ይጥለዋል። ለምርምር፣ ለማኅደር፣ ለዜና የምታነሡ ሁሉ ሮው አስቀምጡ የምለው ለዚህ ነው፤ የማስቀመጫ ካርድ ዋጋ ከሰው ዓይን አይበልጥም።

በሥራ ላይ ምን እናድርግ? ከሁሉ በፊት ሰውየውን ማንቀሳቀስ ይቻል እንደሆነ ጠይቁ። አንድ ሜትር ወደ ጥላው ገባ ቢሉ ጋቢያቸውም ፊታቸውም በአንድ ብርሃን ሥር ይሆኑና ስድስቱ ስቶፕ ሦስት ይሆናል። አክብሮትና ሰዓቱ ከፈቀደ ይህን የመሰለ መፍትሔ የለም። የማይቻል ከሆነ ከጎን የቆመ ሰው ነጭ ነጠላውን ዘርግቶ ፀሐዩን ወደ ፊታቸው ይመልስ፤ ለዚህ ተብሎ የሚሸጥ መሣሪያ አለ፣ ነጠላ ግን በሁሉም ቤት አለ፤ ያው ችግር የፈጠረብን ነጭነት መድኃኒት ሆኖ ያገለግላል።

ለመለካት ደግሞ የገዛ መዳፋችሁን ተጠቀሙ። የመዳፍ ቆዳ እንደ ፊት ቆዳ ከሰው ሰው አይራራቅም፤ ከመካከለኛው ግራጫ አንድ ስቶፕ ያህል ይበራል። መዳፋችሁን የሚነሣው ሰው ፊት ባለበት ብርሃን ውስጥ ዘርጉ፣ በእርሱ ላይ ብቻ ለኩ፣ ከተነገራችሁ ላይ አንድ ስቶፕ ጨምሩ። በጠራራ ፀሐይ ከሆናችሁ ያለ መለኪያም መሥራት ይቻላል፦ አይኤስኦ 100፣ ኤፍ 8፣ የሰከንድ 1/500ኛ። ታቦት የሚያጅቡ ካህናትን ፊት በጥላቸው ሥር ለማግኘት ያው ቅንብር ወደ 1/60ኛ መውረድ ይኖርበታል፤ ከዚያም ከኋላ ያለው በፀሐይ የሚንቦገቦግ ሕዝብ ይነጣል። እዚህ ላይ ካሜራው ሊወስንላችሁ አይችልም። የካህኑ ፊት ወይስ የሕዝቡ ነጭ ባሕር? ሁለቱም ተገቢ ፎቶ ናቸው። እኔ ብሆን ሸተሩን መካከል ላይ፣ 1/250ኛ አድርጌ በሮው አነሣና ነጠላው ከሚፈስበት ድንበር በታች መሆኑን አረጋግጬ ፊቱን በኋላ ከፍ አደርገዋለሁ።

ድንበሩን የሚያሳየን ሂስቶግራም ነው፤ እርሱንም ቢሆን በጥርጣሬ ማየት ይገባል። በአብዛኞቹ ካሜራዎች ጀርባ የሚታየው ሂስቶግራም የሚሠራው ከጄፔጉ እንጂ ከሮው ቁጥሮች አይደለም። ደግሞም ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊውን ለየብቻ የሚያሳየውን ምረጡ፤ በአንድ መስመር ተደምሮ የሚታየው ደህና መስሎ ሳለ የጥለቱ ቀይ ለብቻው ሞልቶ ሊፈስ ይችላል። ቀዩ ጥበብ እንደ ተቀባ ቀለም ድፍን ብሎ የሚታይባቸው የሠርግ ፎቶዎች ምክንያታቸው ይህ ነው።

ከእናንተ አንዳንዶቹ «ሂስቶግራሙን ወደ ቀኝ ግፋ» የሚለውን ምክር ሳታነቡት አልቀራችሁም። ማይክል ራይክማን በ2003 እ.ኤ.አ. ከፎቶሾፕ ፈጣሪዎች አንዱ ከሆነው ከቶማስ ኖል ጋር ከተነጋገረ በኋላ ያስፋፋው ነው። ያኔ የቀረበው ምክንያት የቁጥር ደረጃዎችን ይመለከት ነበር፦ 12 ቢት ፋይል 4,096 ደረጃ አለው፤ ከእነዚህ ግማሹ፣ 2,048ቱ፣ በደማቁ አንድ ስቶፕ ውስጥ ናቸው፤ ስለዚህ ወደ ደማቁ ተጠጋ። ምክሩ ጠቃሚ ነው፤ እኔ ግን ምክንያቱ ሌላ ነው ከሚሉት ወገን ነኝ። ጥቅሙ የሚመጣው ቀደም ብለን ካየነው ከፎቶኖች ብዛት ነው፤ ብዙ ብርሃን፣ አነስተኛ ብጥብጥ። ይህን የተረዳ ሰው አይኤስኦን በመጨመር ሂስቶግራሙን ወደ ቀኝ ቢገፋ አንድም ፎቶን እንዳላተረፈ ያውቃል፤ ምክሩን በቃሉ የያዘ ግን አያውቅም።

ስልኮቻችንስ? ስልክ ዛሬ አንድ ፎቶ ሲያነሣ በእርግጥ የሚያነሣው ብዙ ነው፤ ነጩ እንዳይፈስ አጫጭር ምስሎችን በተከታታይ አንሥቶ ይደምራቸዋል፤ በድምሩም የጥላው ብጥብጥ ይቀንሳል። ብልህ ሥራ ነው፤ ያንን የዋርካ ሥር ፎቶ ደህና ስልክ ቢያነሣው ኖሮ ዓይናቸውን ሳናገኝ አንቀርም ነበር። የምጠላው ከዚያ የሚቀጥለውን ነው፤ «ማስዋቢያ» የሚባሉት ብዙዎቹ ቆዳውን ያለሰልሱታል፣ ያነጡታልም። ፊትን ማሳየትና ፊትን ማንጣት በፍጹም አንድ አይደሉም። ጠይም ፊት በአግባቡ ተመጥኖ ሲነሣ ጠይም ነው፤ ከመካከለኛው ግራጫ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል፤ ግንባሩና ጉንጩ ላይ የሚያርፈው ወዝ ቅርጹን ያወጣዋል። የማሊው ሰይዱ ኬይታ ከ1948 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በባማኮ ስቱዲዮው ግቢ በቀን ብርሃን ያነሣቸውን ሰዎች ተመልከቱ፦ ማንም አልነጣም፣ ማንም አልጠፋም። በኒውዮርክ ሃርለም ተወልዶ ያደገው ሮይ ደካራቫ ደግሞ ከዚህም አልፎ ይሄዳል። በ1955 ከባለቅኔው ላንግስተን ሂዩዝ ጋር መጽሐፍ ያሳተመው ይህ ሰው ጥቁር ሰዎችን በጨለማ ውስጥ ጨለማ አድርጎ ያትማቸዋል፤ ዓይናችን ቀስ እያለ ሲለምድ ፊቱ ከነሙሉ ዝርዝሩ ይወጣል። የደካራቫ ሥራ ስሌታችንን አያፈርስም። 42 የሚለውን ቁጥር መለኪያው በግምት ሲያመጣውና አንድ ሰው አውቆ፣ እያንዳንዱን የጥላ ደረጃ ጠብቆ ሲያስቀምጠው ውጤቱ ሁለት የማይገናኙ ፎቶዎች መሆኑን ያሳየናል።

ከፊታችሁ ባለው ጠረጴዛ ላይ ሁለት ካሜራዎች፣ ግራጫ ካርድ፣ አንድ ነጠላና አንድ የምረቃ ካባ አስቀምጠናል። ከጥያቄያችሁ በፊት ሁለት ፈቃደኞች፣ የሚቻል ከሆነ አንድ ጠየም ያለ አንድ ቀላ ያለ፣ ወደ መስኮቱ ቢመጡልኝ፤ መጀመሪያ ካሜራው እንዳለን እናነሣቸዋለን፤ ቀጥሎ በመዳፍ ለክተን እናነሣቸዋለን፤ ሁለቱንም በፕሮጀክተሩ ላይ ጎን ለጎን እናያቸዋለን። መብራቱን አጥፉልኝ።